ሲሙሌተሩ ተዛወረ፣ አየሩስ?

የእህቴ ልጅ አቃቂ ነው የሚኖረው። ፓይለት የመሆን ሐሳቡን ከሕፃንነቱ ጀምሮ አልተወም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2004ን በአንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ሲያበር ኖሯል። በቅርቡ የኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ዊንዶውሱ የሚነሳው በስንት ልመና ነው። አባቱ አዲስ ላፕቶፕ ገዛለት (አዲስ ስል ለእሱ አዲስ ማለቴ ነው)፤ አሮጌው ደግሞ እንዲሸጥ ተወሰነ።

ልጁ የሲሙሌተሩን ፎልደር በፍላሽ ገልብጦ ላፕቶፑ ላይ አደረገው። አልከፈት አለ። ዊንዶውስ ፕሮግራሞች የት እንዳሉ የሚይዝበት የራሱ መዝገብ አለው፤ ፎልደሩ ሲገለበጥ መዝገቡ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ ፕሮግራሙን ከሲዲ እንደገና ጫነና ያጠራቀማቸውን አውሮፕላኖች ከፍላሹ ጨመረበት። አሁን ተከፈተ። ሴስናዋን ቦሌ ማኮብኮቢያ ላይ አቁሞ ሙሉ ጉልበት ሰጣት፤ ተነሳች። "ጋሼ፣ አዲሱ ይሻላል፣ መነሳት ቀለለኝ" ብሎ ደወለልኝ።

መቅለሉ ነው ያሳሰበኝ።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,334 ሜትር ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ክንፉ የሚደገፍበት አየር ቀነሰ፣ ሞተሩ የሚተነፍሰውም ቀነሰ ማለት ነው። ካርቡረተር ያላት ትንሽ ሴስና ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት፦ አየሩ ሲሳሳ የነዳጁ መጠን በዚያው ልክ ካልተቀነሰ ሞተሩ ይታፈናል። (በባሕር ዳርቻ አየር የተስተካከለ የድሮ መኪና አዲስ አበባ ላይ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ ምክንያቱ ይኸው ነው።) ስለዚህ ፓይለቱ ከመነሳቱ በፊት ቀዩን እጀታ ትንሽ ስቦ ነዳጁን ያሳሳል። ልጁ ይህንን በሦስት ዓመት ውስጥ በደንብ ተለማምዶታል። በላፕቶፑ ግን እጀታውን ሳይነካ ተነሳ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ሲሙሌተሩ ውስጥ "ነዳጁን አንተ አስተካክልልኝ" የሚል ምርጫ አለ። ልጁ በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ አጥፍቶት ነበር፤ እንደገና የተጫነው ፕሮግራም ደግሞ በርቶ ነው የመጣው። ምርጫዎቹ የሚቀመጡት በሲሙሌተሩ ፎልደር ውስጥ አይደለም፤ በተጠቃሚው ስም በተከፈተ ሌላ ድብቅ ፎልደር ውስጥ ነው። የተቀመጡ በረራዎችና የበረራ መዝገቡ (ሎግቡኩ) ደግሞ ማይ ዶክመንትስ ውስጥ ናቸው። ሦስት ዓመት የተመዘገበው የበረራ ሰዓት በሙሉ ሊሸጥ በተዘጋጀው ኮምፒውተር ላይ ቀርቷል። ገዢው ቅዳሜ ሊመጣ ነበር።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ፋይል ከመርሳት በላይ ነው። ፋይሉ ሳይጎድል ተገልብጦም ትርጉሙ ሊጠፋ ይችላል። "ስብሰባው 2 ሰዓት ነው" ብላችሁ ለውጭ አገር ሰው ብትጽፉ ምን ይሆናል? እናንተ ጠዋት ትደርሳላችሁ፣ እሱ ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተፍ ይላል። ቁጥሩ አልተለወጠም፤ አንባቢው ነው የተለወጠው። ፊደላችን እ.አ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የተጻፉ የአማርኛ ሰነዶችም እንደዚሁ ናቸው፦ ፋይሉ ደህና ነው፣ ግን ያ የድሮ ፎንት የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ስትከፍቱት የማይነበብ ምልክት ይደረደራል።

በሲሙሌተር ዓለም ይህ እንዴት እንደሚመጣ በቦሌ ከፍታ እንየው። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚያስቀምጠው በባይት ከፋፍሎ ነው። አንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ ይይዛል፤ ስለዚህ 2,334ን ለመያዝ ሁለት ባይት ያስፈልጋል፦ 9 እና 30። (9 × 256 + 30 = 2,334፤ አስሉት።) አንዳንድ ኮምፒውተሮች 9ን አስቀድመው ይጽፋሉ፣ ሌሎች 30ን። አንዱ የጻፈውን ሌላው በራሱ ልማድ ቢያነበውስ? 30 × 256 + 9 = 7,689 ይሆናል። ቦሌ ራስ ዳሸንን በብዙ በለጠ! ይባስ ብሎ የቦሌ ከፍታ በጫማ (ፊት) ሲለካ 7,657 ገደማ ስለሆነ፣ ቁጥሩን ያየ ሰው "እሺ፣ በጫማ ነው" ብሎ ሊያልፈው ይችላል። እኔ የምፈራው እንዲህ ያለውን ስህተት ነው፤ ፕሮግራሙን ቀጥ የሚያደርግ ስህተት ቢያንስ ራሱን ያጋልጣል።

ዛሬ ቤት ውስጥ የምንጠቀምባቸው ኮምፒውተሮች በዚህ ልማድ አንድ ስለሆኑ የልጁ ፋይሎች ከዚህ አምልጠዋል። ትልልቆቹ ሲሙሌተሮች ግን አያመልጡም። ቦሌ ያለው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማሰልጠኛ ውስጥ ፓይለቶች የሚሠለጥኑባቸውን ዓይነት ማለቴ ነው፦ እውነተኛ የሚመስል የፓይለት ክፍል፣ ከሥር በሚንቀሳቀሱ ስድስት እግሮች ላይ የቆመ። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሃያ ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል፤ የሚመራው ኮምፒውተር ግን ከዚያ በፊት ያረጃል፣ መለዋወጫውም ከገበያ ይጠፋል። ያኔ ብዙውን ጊዜ በፎርትራን የተጻፈ የድሮ ፕሮግራም ከነቁጥሮቹ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ይዛወራል። የባይት ቅደም ተከተል አንዱ ጣጣ ነው። ሌላው ጊዜ ነው፦ ፕሮግራሙ "አውሮፕላኑ አሁን የት ነው?" የሚለውን ስሌት በሴኮንድ ለምሳሌ 60 ጊዜ ይደግማል። አዲሱ ኮምፒውተር ስለፈጠነ ብቻ 120 ጊዜ ቢደግመው፣ አውሮፕላኑ በእጥፍ ፍጥነት ይበራል ማለት ነው።

ታዲያ በትክክል መዛወሩ በምን ይታወቃል? በዓይን አይደለም። እውነተኛው አውሮፕላን በሙከራ በረራ ላይ ሲለካ የተመዘገቡ ውጤቶች አሉ፦ ለመነሳት የፈጀው ጊዜና ርቀት፣ አንድ ሞተር ሲጠፋ ወዴት እንዳዘነበለ፣ መሪው ሲሳብ አፍንጫው ምን ያህል እንደተነሳ። ሲሙሌተሩ ያንኑ ትእዛዝ ተቀብሎ ያንኑ መስመር መሳል አለበት። ልዩነት የሚፈቀደው በጥቂቱ ነው፤ በማኮብኮቢያ ላይ ፍጥነት ለመጨመር የሚወስደው ጊዜ ለምሳሌ ከ5 በመቶ በላይ እንዲለይ አይፈቀድም።

ጥንቃቄው ለምን እንዲህ እንደጠበቀ ለእኛ ማስረዳት አይከብድም። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከቦሌ የተነሳው ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች አለቁ። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ቦይንግ የማክስ ሲሙሌተሮች ሶፍትዌር አንዳንድ የበረራ ሁኔታዎችን በትክክል ማሳየት እንደማይችል አምኖ ማስተካከያ ማድረጉን አስታወቀ። አደጋውን ያመጣው ሲሙሌተሩ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ሲሙሌተር የሚያሳየው በውስጡ ያለውን ቁጥር ያህል ብቻ ነው፤ ፓይለቱ ደግሞ የሚለማመደው ያንን ነው።

ወደ አቃቂ እንመለስ። መጀመሪያ ያደረግነው አሮጌውን ኮምፒውተር ማጥፋት ነው፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክ በተነሳ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል። ዲስኩን ፈትተን በአዳፕተር ከላፕቶፑ ጋር አገናኘነው። ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ አዳፕተሩ ግን ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከግድግዳ ነው፤ ስለዚህ ከጎረቤት ዩፒኤስ ተበደርን። ደግ አደረግን፣ መሃል ላይ መብራት ሁለቴ ጭል ጭል አለ። መርጠን ሳይሆን ዲስኩን እንዳለ ገለበጥነው። ከዚያ ለእያንዳንዱ ፋይል በሁለቱም ወገን የቁጥር አሻራ አስልቶ የሚያወዳድር ፕሮግራም አስኬድን፤ አንዲት ባይት ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። ሁለት ፋይሎች አልተመሳሰሉም። ሁለቱም የአውሮፕላን ድምፅ ነበሩ፣ ተውናቸው።

ቅጂው እጃችን ከገባ በኋላ ነው ዲስኩን መልሰን አሮጌውን ለአንድ ምሽት ያስነሳነው። ያችው ሴስና፣ ያው ማኮብኮቢያ፣ ነፋስ የለም፣ ሙቀት 20 ዲግሪ፣ ክብደቷም እኩል። ከቆመችበት ተነስታ 55 ኖት እስክትደርስ በስልክ ሰዓት ለካን፤ በአሮጌው አምስት ጊዜ፣ የምርጫዎቹ ፋይል በተመለሰለት ላፕቶፕ አምስት ጊዜ። ልዩነቱ አንድ ሴኮንድ አልሞላም፤ ያ ደግሞ የጣታችን መዘግየት ይሆናል። ቀዩ እጀታ ሳይሳብ ስንሞክራት በሁለቱም እያጓራች ተንፏቀቀች። ሎግቡኩም ተከፈተ፣ ሰዓቱ ሳይጎድል።

ገዢው ቅዳሜ መጣ። ኮምፒውተሩን ያለ ዲስኩ ስለሸጥንለት ዋጋው ቀነሰ።