በደመወዝ ጥላ ሥር የተጻፉ ልቦለዶች

በኢትዮጵያ ደራሲነት ብቻውን የዕለት እንጀራ ሲሆን የታየው እምብዛም ስላልሆነ፣ ከአማርኛ ልቦለዶች ዋና ዋናዎቹ በደመወዝተኞች እጅ ተጽፈዋል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስትርነታቸው ጋር የድርሰትና የኅትመት ሥራቸውን አስኬደዋል፤ ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት በዲፕሎማትነት ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ ነው።

ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ግን የበዓሉ ግርማ ሕይወት ነው፤ በእርሱ ዘንድ መደበኛው ሥራ ድርሰቱን መግቦታልና። «አዲስ ዘመን»ንና «መነን»ን አዘጋጅቶ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር እስከ ቋሚ ተጠሪነት ደርሶ፣ በደርግ የቀይ ኮከብ ዘመቻ ለፕሮፓጋንዳ ሥራ አስመራ በተመደበ ጊዜ የታዘበውን በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በተሰኘው ልቦለዱ አወጣው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ ደራሲው ከሥራ ተሰናበተ፣ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። ሠራተኛ አሠሪው መሥሪያ ቤት ያሳየውን ለአንባቢ ሊናገር ይችላልን የሚለው ጥያቄ ከዚህ በላይ መራራ ሆኖ አልተነሣም።

የዛሬው ክርክር በሕግ ቋንቋ ይካሄዳል። የቅጅ መብት፣ ማለትም አንድን ሥራ የማባዛትና የመሸጥ ሥልጣን፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው ሲሆን፣ በቅጥር ግዴታ የተሠራ ሥራ ግን የተለየ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ይሆናል። ድንበሩ የት ላይ እንደሚሰመር የተጠየቁ አንድ የሰው ኃይል አስተዳደር ኃላፊ መልስ ከመስጠት ተቆጥበዋል።

ዝምታው የሚከብደው እንደ አንዲት የግል ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ባሉት ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተወሰነው የሳምንት የሥራ ጣሪያ 48 ሰዓት በመሆኑ፣ እኚህ ሴት ልጆቻቸው ሳይነሡ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ይጽፋሉ፤ የወሩ ሒሳብ በሚዘጋበት ሳምንት ግን ብዕር አያነሡም። እንደሚናገሩት፣ በሥራ መካከል የመጣላቸውን የገጸ ባሕርይ ንግግር ፕሪንተር ባበላሸው ወረቀት ጀርባ ላይ ጭረው በምሳ ዕቃቸው ከረጢት ይከታሉ፤ ወረቀቱ የድርጅቱ ነውና ንግግሩም የድርጅቱ ይባል ይሆን ብለው ስለሚሠጉ፣ ማታ ቤታቸው በራሳቸው ደብተር ገልብጠው ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ይጨምሩታል። ሰው በገዛ ምናቡ እንደ ሌባ እንዲሸማቀቅ ማድረግ ከባድ በደል ነው። ልቦለዳቸው ሲያልቅ በብዕር ስም ለማውጣት ቆርጠዋል።