መቄት፦ ከገበሬው ጋር የተነደፈ የእንግዳ ማረፊያ

የላሊበላ ገበያ የሚደራው በገና ሰሞን ነው። የአልጋ ዋጋ ይንራል፤ ባለሆቴሉም አስጎብኚውም ይጠቀማል። በጋሸና በኩል በሚያልፈው መንገድ ግራና ቀኝ የሚኖረው ገበሬ ግን ለዓመታት የቱሪስቱን መኪና አቧራ ከመቃም ያለፈ ድርሻ አልነበረውም።

ይህን ለመለወጥ በ1990ዎቹ አጋማሽ በመቄት ወረዳ የተጀመረው ሥራ ለባለሀብቱም ትምህርት አለው። በሴቭ ዘ ችልድረን ዩኬ ድጋፍ የተጠነሰሰው «ተስፋ» የተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ፕሮግራም በመቋት ማርያም፣ በዋጀላና በሌሎችም ቦታዎች ማረፊያዎችን ያቆመው ከነዋሪው ጋር መክሮ ነው። ውጤቱ በገደል አፋፍ ላይ የተሠሩ፣ የላስታን ቤት የሚመስሉ ክብ የድንጋይ ጎጆዎች ናቸው። ባለቤቱ ማኅበረሰቡ ነው። ምግብ የሚያበስለው፣ መንገድ የሚመራው፣ ጓዝ የሚጭነው አህያ ሳይቀር የአካባቢው ነው። እንግዳ የማፈላለጉና ቦታ የማስያዙ ሥራ ግን አዲስ አበባ ይከናወናል።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። ድንጋዩ ከደጅ ነው፤ ግንበኛው የመንደሩ ሰው ስለሆነ የግንባታው ገንዘብ ከቀበሌው አይወጣም። ጣሪያው ቢያፈስ የሣር ክዳኑን የሚያድሰው እዚያው አለ። ጉድለቱ፣ ጎጆዎቹ በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱት ጥቂት እንግዳ ብቻ መሆኑ ነው።

ተቃራኒው ላሊበላ ከተማ ውስጥ ይታያል። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብና በጣሊያን ድርጅት ንድፍ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ዓላማቸው ዝናብ መከላከል ነበር። ነዋሪው ግን ክብደታቸው ስላሰጋው በመስከረም 2011 ዓ.ም. አደባባይ ወጥቶ «ይነሱልን» ብሏል። ተጠቃሚው ያልመከረበት ሥራ ውሎ አድሮ ራሱ ወጪ ይሆናል።

የመቄትም ማረፊያዎች ከአደጋ ነፃ አይደሉም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በረራ አስቆመ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ላስታ ደረሰ። እንግዳ ሲጠፋ ባለሆቴሉ የባንክ ወለድ ይቆጥራል። የመቄት ገበሬ ግን ድሮም ያልተወው እርሻ አለው፤ ጎጆውም በዕርዳታና በጉልበት የቆመ ነው።

ባለሀብት እንዲህ ያለ ዕርዳታ አያገኝም። ሆኖም መሐንዲስ ከመቅጠሩ በፊት የሰፈሩን ሽማግሌዎች ቢያማክርና ለነዋሪው የታወቀ ድርሻ ቢተው፣ ገበያው በቀዘቀዘ ጊዜ ንብረቱን የሚጠብቅለት ጎረቤት ያገኛል። በላስታ ይህ ከማንኛውም መድን ይረክሳል።