ከአከርካሪ ጉዳት በኋላ የአጥንት መሳሳትና የሆርሞን ሕክምና

የሰሜን ሸዋው ተወላጅ ሻምበል አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ አከርካሪው ተጎድቶ እግሮቹ መታዘዝ ሲያቆሙ ሀገር ያዘነው ለሩጫው ነበር። ሐኪም ግን እንዲህ ባለ ጉዳት ስለ አጥንትም ይሰጋል። የመንዝን ዳገት ተሸክሞ የሚወጣ ሰው አጥንቱን የሚያጠነክርለት ያው ሸክም ነው፤ እግር መርገጥ ካቆመ አጥንት አፍራሽ ሕዋሳት ገንቢዎቹን ይበልጣሉ፣ ካልሲየምም በሽንት ይወጣል። ጥፋቱ በመጀመሪያዎቹ ወራት ይፈጥናል፤ ጉልበት አካባቢም ይበረታል። ስሜት በሌለው እግር ስብራቱ እንኳ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

ካልሲቶኒን የተባለው የታይሮይድ ዕጢ ሆርሞን አፍራሾቹን ይገታል፤ ነገር ግን ኃይሉ ቶሎ ይደክማል። ቴሪፓራታይድ በአንጻሩ በየዕለቱ በመርፌ ሲሰጥ ገንቢዎቹን ያነሣሣል። የጀርባን አጥንት ቢያጠነክርም፣ በማይንቀሳቀሰው እግር የታየው ውጤት አናሳ ነው፤ በእኔ ግምት ሆርሞኑ የሚተባበረው ሸክም ስለሌለ ነው።