ከዛላ በርበሬ እስከ አክሲዮን

የቡሬን ገበያ የሚያውቅ ነጋዴ ሁሉ፣ በታኅሣሥ የሚሸጥ ዛላ በርበሬና እስከ ክረምት የቆየ ዛላ በርበሬ አንድ ዋጋ እንደሌላቸው ያውቃል። ከፍኖተ ሰላም ወይም ከቡሬ ተነስቶ ባሕር ዳር ወይም ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ የአካውንቲንግና ፋይናንስ ተማሪም «የገንዘብ የጊዜ ዋጋ» የሚባለውን ትምህርት ሲጀምር የሚነገረው ከዚህ ብዙ አይርቅም። ችግሩ መማሪያ መጽሐፉ ምሳሌውን የሚሰጠው በአሜሪካ ቦንድና በዶላር መሆኑ ነው። ተማሪው ቀመሩን ሸምድዶ ፈተናውን ያልፋል፤ ለዕረፍት ቤቱ ሲመለስ ግን አባቱ ያከማቹት ጆንያ ያው ትምህርት መሆኑ አይታየውም።

እስቲ በቁጥር እንየው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ እንጂ የዕለቱ የገበያ ዋጋ አይደለም። አንድ ነጋዴ 10 ኩንታል በርበሬ በኩንታል 20,000 ብር ሂሳብ ገዛ እንበል። 200,000 ብሩን የተበደረው በዓመት 18 በመቶ ወለድ ነው። ስድስት ወር አቆይቶ ኩንታሉን በ23,000 ብር ሸጠና «በኩንታል 3,000 ብር አተረፍኩ» ብሎ ጓደኞቹን ጋበዘ። ይሁንና ወለዱ 18,000 ብር ነው። ለመጋዘን፣ ለጆንያና ለጫኝና አውራጅ 6,000 ብር ወጥቷል። በርበሬው ሲደርቅም ክብደቱ በ5 በመቶ ቀንሶ 9 ኩንታል ተኩል ሆኗል። ሽያጩ 218,500 ብር፣ ወጪው 224,000 ብር ነው። ሰውየው የጋበዘው 5,500 ብር ከስሮ ነው። ሳይከስር ለመውጣት እንኳ ኩንታሉን ወደ 23,580 ብር መሸጥ ነበረበት።

በራሱ ገንዘብ ቢገዛስ? ብዙ ነጋዴ «የራሴ ስለሆነ ወለድ የለብኝም» ይላል። የሂሳብ መዝገብም ያልተከፈለ ወለድ አይመዘግብለትም። ፋይናንስ ከአካውንቲንግ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ገንዘብ በስድስት ወር ውስጥ ሌላ ሥራ ላይ ቢውል ኖሮ ሊያስገኝ ይችል የነበረውን ትርፍ እንደ ወጪ ይቆጥረዋል።

እቁብም ሌላ የመማሪያ ክፍል ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 5,000 ብር ይጥላሉ፤ ዕጣው 60,000 ብር ይሆናል። መጀመሪያ የደረሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው። መጨረሻ የደረሰው ደግሞ ያለ ወለድ አበዳሪ ሆኖ ከረመ። አንዱ ቸኩሎ የወጣውን ዕጣ በ5,000 ብር ቢገዛ በእጁ የሚገባው 55,000 ብር ነው። ያለበለዚያ ከአምስት ወር በኋላ ይደርሰው የነበረ ከሆነ፣ ለአምስት ወር የከፈለው 9 በመቶ ገደማ፣ በዓመት ሲሰላ ወደ 22 በመቶ ይጠጋል። «ዕጣ ገዛሁ» እንጂ «በ22 በመቶ ተበደርኩ» የሚል እቁብተኛ ግን አላጋጠመኝም።

ባንክ ማስቀመጡም ቢሆን ስሌት ይፈልጋል። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አደረገው። በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ዓመት 100 ብር ያስቀመጠ ሰው 107 ብር ቢቀበልም፣ ገንዘቡ የሚገዛለት ዕቃ ቀድሞ በ82 ብር ይገዛ ከነበረው አይበልጥም ነበር። ገበሬው ትርፍ ገንዘቡን በከብት፣ በእህልና በባሕር ዛፍ የሚይዘው ባንክ ስለማያውቅ ብቻ አይደለም። ኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው አብቁተ ወደ ገጠሩ ከገባ ቆይቷል። ሰውየው ሳይነገረው አስልቶ ነው።

አክሲዮን ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ የአክሲዮን መገበያያ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ትልልቅ ድርጅቶች ሲወረሱ እሱም ቀረ። ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል የፋይናንስ ተማሪ ስለ አክሲዮን ገበያ የተማረው ገበያው በሌለበት አገር ነው። አዋጅ ቁጥር 1248 በ2013 ዓ.ም. ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። በመዝገቡ የመጀመሪያው ወጋገን ባንክ ነው።

ከዚያ በፊት በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር፣ ዝቅተኛውን ግዢ 33 አክሲዮን ማለትም 9,900 ብር አድርጎ በቴሌብር መሸጥ ጀምሮ ነበር። ስልክ ያለው የቡሬ ነጋዴ ከሱቁ ሳይነሳ ሊገዛ ይችል ነበር። ሆኖም ከቀረቡት 100 ሚሊዮን አክሲዮኖች የተሸጡት 10.7 ሚሊዮን ያህሉ ናቸው። ሕዝቡ ገንዘብ ስላልነበረው ነው ማለት ይቸግራል፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ለአዳዲስ ባንኮች ምሥረታ አዋጥተዋል። በእኔ ግምት ብዙዎቹ ያዋጡት የትርፍ ድርሻውን አስልተው ሳይሆን «የእኛ ባንክ» ብለው ነው። ይህ ነውር የለበትም፤ ነገር ግን አክሲዮኑን መልሶ መሸጥ ሲፈለግ ገዢ የት ይገኛል የሚለውን የጠየቀ ጥቂት ነበር።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን ለተማሪው የሚሰጡት የቤት ሥራ እዚህ ላይ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር! ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይቀመጣል። የአባቱን የአክሲዮን የምስክር ወረቀት አንብቦ፣ የኩባንያውን የሦስት ዓመት የኦዲት ሪፖርት አገላብጦ «ይህ ወረቀት ዛሬ ስንት ያወጣል?» የሚለውን የሚመልስ ተመራቂ ግን ከፈተናው ውጤት በላይ ለቤተሰቡ ይጠቅማል። በዚህ ሙያ ገብቶ በድለላ መተዳደር የሚሻም፣ እንደ በርበሬ ተራ በስልክና በመተማመን ብቻ አይሆንለትም፤ የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልገዋል።

እስከዚያው ድረስ በገበያው የተመዘገቡት ኩባንያዎች ጥቂት ናቸው፤ ሻጭም በፈለገው ቀን ገዢ ላያገኝ ይችላል። በሬ ጎትቶ ገበያ ያወጣ ሰው ዋጋውን ቀንሶም ቢሆን ማታ ገንዘቡን ይዞ ይገባል። በግንቦት ለማዳበሪያ የሚፈለግ ገንዘብ ገና አክሲዮን ውስጥ የሚቀመጥ አይደለም።