የወይን እርሻና የሰማይ ሥርዐት በነጌቭ ምድር

በእስራኤል ነጌቭ ከምትገኘው ከቤር ሼቫ ከተማ በስተ ሰሜን ከተሠራው ከራሞት ሰፈር ተነሥቶ ወደ ያቲር ደን የሚያቀና ሰው በዓመት 200 ሚሊሜትር ያህል ዝናብ ብቻ የሚወርድበትን ጭር ያለ ምድር አቋርጦ፣ እስከ 900 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተንዠረገገ ሐረገ ወይን ያገኛል፤ ፍሬውም በ2000 (እ.ኤ.አ.) በቴል አራድ ወደተቋቋመው የወይን ጠጅ ፋብሪካ ይወርዳል። እንዲህ ባለው ደረቅ አገር ባዮዳይናሚክ የሚባለው የግብርና ሥርዐት ምን ይፈይዳል ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሥርዐቱ የተወለደው ውሃ በማይቸግርበት አገር ነው። ኦስትሪያዊው ፈላስፋ ሩዶልፍ ስታይነር በሰኔ 1924 ዛሬ በፖላንድ በሚገኘው በኮበርቪትስ ርስት ላይ ለገበሬዎች 8 ትምህርቶችን ሰጥቶ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ፤ ደቀ መዛሙርቱም ትምህርቱን አስፋፍተው በ1928 «ዴሜተር» የሚባለውን ምልክት አወጡ። ወይን ግን ዘግይቶ ነው የገባበት፤ በ1980ዎቹ በፈረንሳይ በሎዋር ሸለቆ ባለ ወይኑ ኒኮላ ዦሊ፣ በ1988 ደግሞ በቡርጎኝ ባለ ወይኗ ላሉ ቢዝ ለርዋ ስሙን አስጠሩት።

መሠረተ ሐሳቡ እርሻ ራሱን የቻለ ሕያው አካል ነው፣ ማዳበሪያውንም ከገዛ ከብቱ እንጂ ከገበያ አይሻም የሚል ነው። የላም ቀንድ እበት ተሞልቶ በመከር ይቀበርና ክረምቱን ከመሬት ውስጥ ከርሞ በጸደይ ይወጣል፤ ከዚያም ለአንድ ሄክታር 100 ግራም ያህሉ በውሃ ተበጥብጦ፣ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እየተሽከረከረ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲማሰል ቆይቶ ይረጫል። ይህ «500» ሲባል፣ «501» የሚባለው ደግሞ በቀንድ ተሞልቶ በበጋ የሚቀበር የተፈጨ የኳርትዝ ድንጋይ ነው። ለብስባሹ የሚጨመሩ ሳማና የኦክ ቅርፊትን የመሰሉ መድኃኒቶችም አሉ። የመግረዣውንና የመልቀሚያውን ቀን የሚወስኑት ጨረቃና ክዋክብት ናቸው፤ ባሕረ ሐሳብ ሲሰላ እያየ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። በጐንደር ገጠር እበቱ ኩበት ሆኖ ምድጃ ውስጥ ሲያልቅ ያየ ሽማግሌም፣ ወደ መሬት ይመለስ ሲባል ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ የሚቸገር አይመስለኝም፤ የቀንዱ ነገር ግን ሳያስቀው አይቀርም።

በጀርመን በጋይዘንሃይም ከ2006 ጀምሮ በሪዝሊንግ ወይን ላይ በተደረገው ሙከራ፣ ሰው ሠራሽ ኬሚካል የማይነካው ተራ ኦርጋኒክና ባዮዳይናሚኩ ሁለቱም ምርታቸው ከዘመናዊው ዝቅ ሲል፣ እርስ በርሳቸው ግን ልዩነታቸው ጥቂት ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ጥቅሙ ከብስባሹና ከመሬቱ እንክብካቤ የመጣ እንጂ ከቀንዱ የመጣ አይደለም፤ የቀረው የሃይማኖት ጉዳይ ነው፣ ሃይማኖት ያለው ገበሬም ከሌለው ይልቅ እርሻውን ተግቶ ይጐበኛል።

በአውሮፓ ባለ ወይኑን የሚያስጨንቀው ርጥበት የሚያመጣው ሻጋታ ነው፤ ለዚህ የሚረጨውን የመዳብ መድኃኒትም «ዴሜተር» በአማካይ በሄክታር በዓመት ከ3 ኪሎ እንዳያልፍ ገድቦታል። በነጌቭ ግን ጭንቁ ውሃ ነው፤ የጥንቶቹ መልስም እስከ ዛሬ በዓይን ይታያል። በዓብዳት የቢዛንታይን ዘመን የወይን መጥመቂያዎች አሉ፤ በሸለቆው ውስጥ ደግሞ የድንጋይ እርከኖች ከኮረብታው የሚወርደውን ጎርፍ ይይዙ ነበር፤ ለአንድ ሄክታር እርሻም ከ20 እስከ 30 ሄክታር ኮረብታ ውሃ ይሰበስብ ነበር። የዕፀዋት ተመራማሪው ሚካኤል ኤቨናሪ ይህን በ1950ዎቹ መጨረሻ እዚያው ተክሎ ፈተነው። በሺቭታና በሳአዶን አጠገብ የተገኙት የርግብ ቤቶችም ኩሳቸው ለማሳ ይውል ነበር፤ እርሻው ከገዛ እንስሳው ማዳበሪያ ይውሰድ የሚለው ሐሳብ ለዚህ ምድር አዲስ አልነበረም።

በእስራኤል ግን ከስታይነር የቀደመ ሌላ ሕግ አለ። ባዮዳይናሚክ በሐረጎቹ መካከል ልዩ ልዩ ዘር መዝራትን ሲወድ፣ ኦሪት ዘዳግም 22፥9 በወይን ቦታ ሁለት ዐይነት ዘር መዝራትን ይከለክላል፤ ሰው ሳይዘራው በራሱ በሚበቅል አረም ላይ ግን ክልከላው ስለማይጸና፣ ሕጉን የሚጠብቅ ባለ ወይን አረሙን ሳይነቅል በመተው መሬቱን መሸፈን ይችላል። ተክል በመጀመሪያዎቹ 3 ዓመታት የሚሰጠው ፍሬ አይበላም፣ በሰባተኛው ዓመትም ወይን አይገረዝም፤ የመጨረሻው የዕረፍት ዓመት በ2021 መስከረም ገብቶ በ2022 መስከረም ወጣ። በዕረፍት ዓመት ተክሉን ከሞት ለማዳን የሚደረገው ሲፈቀድ ለማፋፋት የሚደረገው ስለሚከለከል፣ የቀንዱ እበት ማዳበሪያ ነው ወይስ መድኃኒት የሚለውን የሚፈርደው የክዋክብት ሰሌዳ ሳይሆን ራቢው ነው።