የፖሊስ አባላት የአገልግሎት ዘመንና የጡረታ አበል አሰላል

በሐዋሳ ከተማ አደባባዮች ትራፊክ የሚያስተናብር የፖሊስ አባልና በከተማው አስተዳደር በሒሳብ ሥራ የሚያገለግል ባልደረባ የጡረታ መብታቸው የሚመነጨው ከአንድ ሕግ፣ ማለትም ከመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። አገልግሎታቸው የሚመዘንበት ሚዛን ግን ይለያያል።

ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ በዕድሜ ጡረታ የሚወጣ ሠራተኛ በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት ይከፈለው ከነበረው አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት ለሲቪል ሠራተኛ 1.25 በመቶ፣ ለፖሊስና ለመከላከያ አባል 1.65 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

ልዩነቱ በአኀዝ ሲታይ ቀላል አይደለም። ለምሳሌ አማካይ ደመወዛቸው 8,000 ብር የሆነና 30 ዓመት ያገለገሉ ሁለት ሰዎች ቢኖሩ፣ ሲቪሉ 55 በመቶ ወይም 4,400 ብር፣ ፖሊሱ 63 በመቶ ወይም 5,040 ብር በየወሩ ያገኛሉ። ጡረተኛው ሲሞት ለሟች ሚስት ወይም ባል የሚከፈለው የአበሉ 50 በመቶ በመሆኑ ልዩነቱ ለቤተሰብም ይተላለፋል።

ወጪውን የሚሸፍነው መንግሥት ነው። ከሁለቱም ሠራተኞች ደመወዝ 7 በመቶ ሲቀነስ፣ መንግሥት ለሲቪሉ 11 በመቶ፣ ለፖሊሱ 25 በመቶ ያዋጣል።

እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ነጥብ አለ። ሕጉ የሚለየው በቅጥሩ ዓይነት እንጂ በሥራው አደገኛነት አይደለም። በሲቪል ሠራተኝነት የተቀጠረ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሌሊት ከነበልባል ጋር ቢታገልም የሚታሰብለት 1.25 በመቶ ነው።

ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. በክልልነት ከመደራጀቱ በፊት በቀድሞው የደቡብ ክልል ፖሊስ ውስጥ ያገለገሉ አባላት የቀድሞ አገልግሎታቸው አይቋረጥም፤ የጡረታ ፈንዱ አገር አቀፍ ነውና። ፖሊስነቱን ትቶ በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በግል ድርጅት የተቀጠረም ቢሆን፣ የሁለቱ ዘርፎች አገልግሎት ይደመርለታል።

ችግር የሚፈጠረው የግል ማኅደሩ ከባለቤቱ ጋር ሳይዛወር ሲቀር ነው። 10 ዓመት ያልሞላ አገልግሎት የሚያስገኘው የዘለቄታ አበል ሳይሆን የአንድ ጊዜ ዳረጎት በመሆኑ፣ የጠፋ የቅጥር ደብዳቤ ዕድሜ ልክ የሚከፈል አበል ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ አባሉ የቅጥር ደብዳቤው፣ መጀመሪያ ሲቀጠር የሞላው የሕይወት ታሪክ ፎርምና የደመወዝ መረጃው በማኅደሩ መኖራቸውን ጡረታው ሳይደርስ፣ ገና በሥራ ላይ ሳለ ቢያረጋግጥ ይመረጣል።