ክብደት-አዘል ክር፦ ስለ አንድ የዓሣ አጠማመድ ዘዴ የአማርኛ ስያሜዎች

የሙያ ቃል በሚወጣበት ጊዜ ተርጓሚውን የሚያሰናክለው ብዙውን ጊዜ ተራ መስሎ የሚታየው ቃል ነው። እንግዳ ቃል ሲያጋጥመው መዝገበ ቃላት ይገልጣል፣ ባለሙያ ይጠይቃል፤ «ቀለም»ንና «መሪ»ን የመሳሰሉትን ግን የሚያውቃቸው ስለሚመስለው ሳይመረምር ያልፋቸዋል። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ሆነው ያገኘናቸው በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ሳልሞንና የሐይቅ ትራውት የሚጠመዱበትን ዘዴ የሚያስረዱ ጽሑፎች ናቸው። በሚሺጋን ሐይቅ ዳር ባለችው በቺካጎና በኦንታሪዮ ሐይቅ ዳር ባለችው በቶሮንቶ አማርኛ ተናጋሪዎች ስለሚኖሩ፣ የዚህ ዓይነቱን መመሪያና ደንብ ወደ አማርኛ መመለስ ከንቱ ልፋት አይሆንም።

ከስያሜው በፊት ነገሩን መረዳት ይገባል። የሐይቅ ትራውት የነዚህ ሐይቆች ነባር ዓሣ ነው። በሥነ ሕይወት አመዳደብ ቻር ከሚባለው ወገን ስለሚቈጠር፣ «ትራውት» መባሉ በእንግሊዝኛውም ቢሆን ከልማድ የመጣ ነው። ሳልሞኖቹ በአንጻሩ መጤዎች ናቸው፤ ኮሆ የተባለው እ.ኤ.አ. በ1966፣ ቺኑክ የተባለው በ1967 የሚሺጋን ግዛት ከሰላማዊ ውቅያኖስ ዘር አስመጥቶ የለቀቃቸው ናቸው። ሁሉም ቀዝቃዛ ውኃ ወዳጆች ናቸው። በበጋ የሐይቁ ገጽ ሲሞቅ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የሐይቅ ትራውት በተለይ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሆነውን ውኃ ይሻል። በጀልባ የሚጎተት ቀላል ማባበያ ግን ከገጹ ብዙም አይርቅም። ስለሆነም አጥማጆች ክብደቱን በክሩ ውስጥ አኖሩት፤ ይኸውም ከናይለን ወይም ከዳክሮን የተጎነጎነ ሽፋን ሆኖ መሃሉ ቀጭን የእርሳስ ዘሃ ያለበት ክር ነው።

«የእርሳስ ክር» ቢባል አማርኛ አንባቢ መጀመሪያ የሚታየው የተማሪ መጻፊያ ነው። ማዕድኑን ከመጻፊያው የሚለይ ነባር ቃል ግን አለን፤ «አረር» ከግእዙ «ዐረር» የወረደ ሲሆን፣ የጥይትነት ትርጉም የደረበው ጥይት ከዚሁ ማዕድን ይሠራ ስለ ነበር ነው። ለዚህ ጉዳይ የጥንቱ ትርጉሙ ይስማማል፤ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 15 የፈርዖን ሠራዊት መስጠም በዚሁ ማዕድን መመሰሉን የሚያስታውስ አንባቢም አይቸገርበትም። መሃሉ አረር በመሆኑ «ልበ አረር ክር» እንበለው የሚል ሐሳብ ሊቀርብ ይችላል። አገባቡ ያማረ ነው፤ ነገር ግን «ልበ ደንዳና»፣ «ልበ ሙሉ» እንደሚባለው አማርኛ በዚህ ቅርጽ የሚገልጸው በተለይ የሰውን ጠባይ ስለሆነ ክሩ ጨካኝ ሆኖ ይቀርብናል። እኛ «አረር-አዘል ክር» የሚለውን መርጠናል። ዛሬ ከእርሳስ ሌላ ክብደት ያላቸው ክሮችም ስላሉ፣ ለጠቅላላው ወገን «ክብደት-አዘል ክር» የሚለው ስም ይዋል። ከመዳብ የሚሠራው በራሱ ከባድ እንጂ ክብደት የታዘለበት አይደለምና «የመዳብ ሽቦ ክር» መባሉ ይበቃዋል።

ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚሻው «ቀለም» ነው። የክሩ ሽፋን በየ10 ያርዱ፣ ማለትም በየ9 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትሩ፣ ቀለሙን ይለውጣል፤ በልማድ ሙሉ የሚባለው ክር 10 ቀለም፣ ርዝመቱም 100 ያርድ ነው። ስለዚህ አጥማጆቹ ምን ያህል ክር ወደ ውኃ እንደ ተለቀቀ የሚናገሩት በቀለም ቍጥር ነው። «አምስት ቀለም ልቀቅ» ተብሎ በቃል በቃል ቢተረጐም አንባቢው አምስት ዓይነት ቀለም ያላቸው ማባበያዎች ይለቅ ይሆናል፤ ትእዛዙም ሰዋስዋዊ ጕድለት ስለሌለበት አራሚው አይነቃበትም። እዚህ ላይ ቀለም ምልክት ብቻ ነው፤ የሚሰየመው ግን በምልክቱ የተከፈለው ርዝመት ነው። ሸንኰራና ሸምበቆ በተፈጥሯቸው በምልክት የተከፈሉ ናቸውና ገበሬው ለዚህ «አንጓ» የሚል ቃል አለው። «አምስት አንጓ ልቀቅ» የሚለው ያለ ማብራሪያ ሊገባ ይችላል፤ ፋብሪካው ቀለሙን ትቶ በሌላ ምልክት ቢተካውም ስሙ አይሻርም።

አንጓ የርዝመት መለኪያ እንጂ የጥልቀት አለመሆኑን ተርጓሚው መዘንጋት የለበትም። በግምት ጀልባው በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ አንድ አንጓ ማባበያውን 1 ሜትር ተኩል ገደማ ያወርደዋል፤ አምስት አንጓ እንግዲህ 7 ሜትር ተኩል አካባቢ ይሆናል። ፍጥነቱ ሲጨምር ክሩ ይነሣል፣ ሲቀንስ ይወርዳል። ጀልባው ሲዞር እንኳ በመዞሪያው ውስጠኛ ጎን ያለው ክር ፍጥነቱን አጥቶ ሲወርድ የውጭኛው ከፍ ይላል። ከዚህ የተነሣ ለግሡ «ሰጠመ» አይሆንም፤ የሰጠመ የጠፋ ነው። «ዘቀጠ»ም ታች ደርሶ የረጋውን ያመለክታል። ወርዶ መመለስ የሚችለውን የሚገልጸው «ጠለቀ» ነውና «የመጥለቅ ልክ» እንላለን።

የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ሌሎቹን ስሞች ይመራናል። በማጠንጠኛው ላይ በመጀመሪያ የሚጠቀለለው ክብደት የሌለው ረጅም ክር ነው፤ ትልቅ ዓሣ ሲሸሽ የሚለቀቀው እሱ ስለሆነ «ደጀን ክር» ብለነዋል፤ የጦር ሜዳው ቃል ሥራውን በትክክል ይገልጻል። ቀጥሎ አረር-አዘሉ ክር፣ በመጨረሻም ዓሣው እንዳይጠራጠር ከፍሎሮካርቦን የሚሠራ፣ ለዓይን የማይጎላ ክር ይታሰራል። ይህን የመጨረሻውን እንግሊዝኛው «መሪ» ይለዋል፤ በጀልባ ላይ ግን መሪ አቅጣጫ መያዣው ነውና «ጫፍ ክር» ይሻላል። በቋጠሮው ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ፤ ሽፋኑ ወደ ኋላ ተሰብስቦ ጥቂት ሳንቲ ሜትር አረር ተቈርጦ ይወጣል፣ ጫፍ ክሩም ባዶ በቀረው ሽፋን ውስጥ ይገባና አብሮ ይቋጠራል። «አረሩን ቋጥር» ብሎ የሚተረጕም ሰው የሥራውን ተቃራኒ ያዛል፤ አረሩ በቋጠሮው ውስጥ ከቀረ ቋጠሮው ይወፍራል፣ ይደክማልም።

የዘዴው ጠቅላላ ስም ቀርቶናል። «ትሮሊንግ» ብሎ መዋስ የሚቀል ይመስላል፤ ዳሩ ግን መረብ በመርከብ እየጎተቱ በገፍ ማፈስ «ትሮውሊንግ» ስለሚባል፣ ሁለቱ በፊደላችን በአንዲት «ው» ብቻ ይለያያሉ። አንደኛው በዘንግና በመንጠቆ የሚደረግ፣ ሁለተኛው የንግድ ዓሣ አስጋሪዎች ሥራ ነው፤ አንዱን ፈቅዶ ሌላውን የሚከለክል ደንብ በፊደል ግድፈት ሊገለበጥ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን «ክር ጉተታ»፣ ሁለተኛውን «መረብ ጉተታ» ብለን ለይተናል። በክር ጉተታ ከባድ ኳስ በብረት ገመድ ለብቻው አውርዶ ክሩን በመቆንጠጫ የሚያያይዝ መሣሪያም አለ፤ ዓሣ ሲነክስ ክሩ ከመቆንጠጫው ይላቀቃል። ኳሱን ከግንበኛው ቃል ወስደን «ቱምቢ» ብለነዋል፤ ምንም እንኳ ጀልባው እየሄደ ወደ ኋላ ስለሚያዘነብል እንደ ግንበኛው ቱምቢ ቀጥ ብሎ ባይንጠለጠልም።